የወላጆቻችሁን ጉልበት መመለስ፦ በየሳምንቱ እየከበደ የሚሄድ የ12 ሳምንት ልምምድ

«አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጉልበቱ ከዳው፤ ምን ባደርግለት ይሻላል?» የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። የታካሚ ልጆች ይጠይቁኛል። ጎረቤት ይጠይቀኛል። ከውጭ አገር የሚደውሉ ጓደኞቼም ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የቫይታሚን ስም እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ለወላጆቻቸው የሚከብድ ነገር እንዲሰጡ ነው የምነግራቸው። በልኩ የሚከብድ፣ ቀስ እያለ የሚጨምር። አሠራሩን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። ጡንቻም፣ የሰውነት ሚዛንም፣ አእምሮም የሚጠነክሩት ከለመዱት ትንሽ በላይ ሲጠየቁ ነው። ካልተጠየቁ ይቀንሳሉ። ይህ በ20 ዓመትም በ80 ዓመትም እውነት ነው። በ80 ዓመት ግን ቅነሳው ይፈጥናል፣ ጭማሪው ይዘገያል። ስለዚህ ትዕግሥትና ደብተር ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ወንበር፦ መደገፊያ ያለው፣ የእጅ ማሳረፊያ የሌለው፣ ቁመቱ ከ43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። ሶፋ አይሆንም፤ ይሰምጣል።
- ሁለት ጠንከር ያሉ ትራሶች
- በርጩማ (ለኋለኞቹ ሳምንታት)
- ሃይላንድ፦ ሁለት የግማሽ ሊትር፣ ሁለት የ1 ሊትር፣ ሁለት የ2 ሊትር። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም።
- ሁለት ጠንካራ ፌስታል ወይም ዘንቢል
- ሰዓት የሚቆጥር ስልክ
- ወለል ላይ ምልክት ማድረጊያ ፕላስተር
- ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። በነጠላ ጫማ ወይም በካልሲ ብቻ አይጀመርም።
- ደብተርና እስክሪብቶ

1. መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው

የሚከተሉት ካሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምሩ፦ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ በቅርብ ጊዜ የደረሰ ስትሮክ፣ የልብ ሕመም፣ ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ድንገት ሲነሱ ያዞራል። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር እንክብሎች ደግሞ እንቅስቃሴ ሲጨመርባቸው ስኳር ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

አንድ ጥያቄ እናንተም ጠይቁ፦ «ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» ብዙ እናቶች ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለው መውደቃቸውን ይደብቃሉ። በቁጣ ወይም በድንጋጤ ሳይሆን ቡና ላይ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ።

2. አሁን ያሉበትን ለኩ

ሳይለኩ መጀመር ሁለት ጉዳት አለው። ከአቅም በላይ ትጭናላችሁ፣ ወይም ለውጡ ሳይታያችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ሦስት ልኬት ይበቃል። በሦስቱም ጊዜ አጠገባቸው ቁሙ።

ሀ. *ከወንበር መነሳት።* ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። በእጃቸው ተደግፈው ከተነሱ ውጤቱ 0 ተብሎ ይጻፋል። ከሚከተለው ቁጥር በታች ከሆነ እግራቸው ለዕድሜያቸው ደክሟል ማለት ነው፦

- ከ60 እስከ 64 ዓመት፦ ወንድ 14፣ ሴት 12
- ከ65 እስከ 69፦ ወንድ 12፣ ሴት 11
- ከ70 እስከ 74፦ ወንድ 12፣ ሴት 10
- ከ75 እስከ 79፦ ወንድ 11፣ ሴት 10
- ከ80 እስከ 84፦ ወንድ 10፣ ሴት 9

ለ. *ሚዛን።* የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት ለፊት አስነክተው ይቁሙ። 10 ሰከንድ መቆም ካልቻሉ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ሐ. *ተነስቶ መሄድ።* ከወንበሩ 3 ሜትር ርቀት ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ተነስተው፣ እስከ ምልክቱ ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ ልምምዱን ሁሉ በሰው አጠገብነት ብቻ ያድርጉት።

ሦስቱንም ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ።

3. የናፈቃቸውን ጠይቁ

«ጤናህ እንዲሻሻል» የሚለው ግብ ለማንም አይጨበጥም። «ምን ማድረግ ናፈቀሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅዳሴን ሳይቀመጡ ማስቀደስ፣ ሶላትን በወንበር ሳይሆን መሬት ላይ መስገድ፣ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ የልጅ ልጅ ማንሳት ሊሆን ይችላል። መልሱን በራሳቸው ቃል የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

የእናቴ ግብ በርጩማ ነበር። ጉልበቷን ሲያማት ሁሉን ነገር ተረከብኳት። እንጀራ ከውጭ ገዛሁ። ቡናውን እኔ አፈላሁ። «እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ» እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ሥራዬ ይሄው ሆኖ ሳለ አላስተዋልኩም። አንድ የበዓል ቀን ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አቦሉን ጠጣች። ልትነሳ ስትል ሁለት እጇን ወደኔ ዘረጋች። ሳነሳት መላ ክብደቷ ክንዴ ላይ ነበር። እግሮቿ ምንም አላገዙኝም። ጉልበቷን የወሰደው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ማረፉም ነበር። በአማርኛ «ጉልበት» ስንል መገጣጠሚያውንም አቅሙንም ነው፤ እናቴ ላይ ሁለቱ አብረው ሄዱ። በማግስቱ ከመደበኛ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ደርበን ጀመርን። አምስት ጊዜ ተነሳች፤ ስድስተኛው አልሆነላትም። ያንን 5 ቁጥር ራሷ ጻፈችው።

4. ከወንበር መነሳትን ዋናው ልምምድ አድርጉት

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ከአልጋ መነሳት፣ ከመጸዳጃ ቤት መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ታክሲ ውስጥ መግባት ሁሉም የሚሠራው በዚሁ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ነው።

- በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለላችሁ (ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ)። ጡንቻ የሚገነባው በእረፍቱ ቀን ነው።
- እግር በትከሻ ስፋት፣ ተረከዝ ወደ ወንበሩ ሳብ ብሎ፣ ደረት ወደፊት ዘንበል። እግራቸው ወደፊት ተዘርግቶ ከሆነ መነሳቱ አላግባብ ይከብዳቸዋል።
- ሲነሱ በመደበኛ ፍጥነት፣ ሲቀመጡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ በቀስታ። ቀስ ብሎ መውረዱ ጡንቻውን የበለጠ ያሠራዋል። ዘጭ ብሎ መቀመጥ ግማሹን ጥቅም ያስቀራል።
- 8 ጊዜ ተነስተው 2 ደቂቃ ይረፉ። ይህን 3 ዙር ያድርጉ። 8 ካልሞላ በቻሉት ይጀምሩ።
- የመጨረሻዎቹ ሁለት መነሳቶች ሊከብዱ ይገባል። «አሁንም አምስት እችላለሁ» ካሉ ቀሎባቸዋል ማለት ነው።

*የማክበጃ ቅደም ተከተል፦* ሁለት ትራስ ያለበት ወንበር፣ አንድ ትራስ፣ ባዶ ወንበር፣ ደረት ላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታቅፎ፣ 1 ሊትር ታቅፎ፣ 2 ሊትር ታቅፎ፣ በመጨረሻ በርጩማ። በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን 3 ዙሩን ከጨረሱና ሁለት ተጨማሪ መነሳት ከቻሉ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁለት ደረጃ በአንድ ጊዜ አትዝለሉ።

«በዚህ ዕድሜ ምን ለውጥ ይመጣል?» ለሚል በ1990 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት ልንገራችሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96። ለ8 ሳምንት በባለሙያ ክትትል እየከበደ የሚሄድ የእግር ልምምድ ሠሩ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን ትተው መራመድ ቻሉ።

እናቴ በርጩማው ላይ የደረሰችው በአሥረኛው ሳምንት ነው። አሁን ስኒውን ራሷ አጥባ ትነሳለች።

5. ሚዛንን አስቸግሩት

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ከዚያ በላይ ለሆኑ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጥንካሬን ያካተተ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሚዛን የሚሻሻለው ትንሽ መንገዳገድ ሲኖር ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ተደግፎ መቆም ምንም አያስተምርም። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ፊት ይቁሙ፤ እጃቸው ከጠረጴዛው በላይ ዝግጁ ሆኖ ይንሳፈፍ።

እግር ገጥሞ መቆም፣ አንዱን ግማሽ እርምጃ ማስቀደም፣ ተረከዝና ጣት ማስነካት፣ በአንድ እግር መቆም። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። 10 ሰከንድ ሳይነኩ ሲቆሙ ወደሚቀጥለው ይለፉ። አራቱም ሲቀሉ ጭንቅላትን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ማዞር ይጨመር። ዓይን ጨፍኖ መቆም ግን እቤት አይሞከር።

6. ይራመዱ፣ ይሸከሙም

ለእርምጃ ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። በቀን 10 ደቂቃ ጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ፍጥነቱን በልብ ምት አትለኩ፤ አንዳንድ የልብና የግፊት መድኃኒት ምቱን ዝቅ ስለሚያደርገው ያሳስታል። እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ መዘመር ግን ካቃታቸው ልኩ ነው። መዘመርም ከቻሉ ፈጠን ይበሉ። ማውራት ካቃታቸው ቀነስ ይበሉ።

ወላጆቻችሁን አሜሪካ ወይም ካናዳ ወስዳችኋቸው ከሆነ ክረምቱ ትልቅ ፈተና ነው። ጠዋት ሁሉም ሰው ሥራ ይሄዳል፤ እነሱ ሶፋና ቴሌቪዥን ይቀርላቸዋል። በረዶ ላይ አታስወጧቸው። ሞል ውስጥ ይራመዱ፤ ወለሉ ደረቅ ነው፣ መቀመጫም አለ።

ለሸክም ሁለት ፌስታል ውስጥ የ1 ሊትር ሃይላንድ አድርጉ፤ በየእጃቸው አንድ። 20 እርምጃ ሄደው ይመለሱ፣ 3 ጊዜ። ሲቀል 2 ሊትር። በአንድ እጅ ብቻ አይያዝ፤ ወገብ ያጣምማል። ይህ የእጅን የመጨበጥ ጥንካሬ ይመልሳል። ቆርቆሮ መክፈት፣ የበር ቁልፍ ማዞር፣ ሲደናቀፉ የደረጃ መደገፊያ መያዝ ሁሉ የመጨበጥ ሥራ ነው።

7. ከመሬት መነሳትን አስተምሯቸው (ከ8ኛው ሳምንት በኋላ)

ወድቆ መሬት ላይ ሰዓታት መቆየት ራሱ አደገኛ ነው። ሲሰግዱ የኖሩ ሰዎች፣ በቤተ ክርስቲያንም ይሁን በሶላት፣ ይህን እንቅስቃሴ ያውቁታል። ያቆሙት ከሆነ መመለስ ይቻላል። ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፤ ወንበር አጠገብ አድርጉ። በጎን ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ፣ ወደ ወንበሩ ይዳሁ፣ ሁለት እጃቸውን መቀመጫው ላይ ያሳርፉ፣ የጠንካራውን እግር መርገጫ ወደፊት ያምጡ፣ ገፍተው ይነሱ። በሳምንት 2 ጊዜ ይበቃል። የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ቅያሪ ያደረጉ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

8. ለአእምሮም የማያውቁትን ነገር ስጡ

በ2014 በታተመ አንድ የቴክሳስ ጥናት አረጋውያን ለ3 ወር በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም ጨርቅ እየቀጠሉ ብርድ ልብስ መሥራት ተማሩ። ሌሎቹ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ቆዩ። የማስታወስ አቅማቸው የተሻሻለው አዲስ ነገር የተማሩት ናቸው። ጨዋታ ደስ ይላል፣ ይጠቅማልም፤ የሚያታግል አዲስ ነገር የሚሰጠውን ግን አይተካም።

ስለዚህ የለመዱትን አትስጧቸው። ዳዊት በየቀኑ ለሚደግሙ አባት መድገሙ ልማድ ሆኗል፤ አዲስ መዝሙር በቃል መያዝ ግን ፈተና ነው። ላልተማሩ እናት ፊደል ከሀ ሁ ጀምሮ። ስልክ ላይ ድምፅ መላክ ለሚችሉ ደግሞ በቴሌግራም ጽፎ መላክ። ገበጣ ወይም ዳማ ከሚያሸንፋቸው ልጅ ጋር። ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ደግሞ አውቶቡስ ብቻቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መምጣት፤ መጀመሪያ ከናንተ ጋር፣ ቀጥሎ እናንተ ከኋላ ተቀምጣችሁ፣ ከዚያ ብቻቸውን። በቀን 30 ደቂቃ ይበቃል። ሲሳሳቱ ስልኩን ቀምታችሁ አትጨርሱላቸው። ጥቅሙ ያለው በዚያች በሚታገሉባት ደቂቃ ውስጥ ነው።

9. አንድ የቤት ሥራ መልሱላቸው

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ የሚከብደውም ለናንተ ነው። የወላጅን ሥራ መቀበል በኛ ዘንድ ክብር ነው፤ እጃችን ቶሎ ይዘረጋል። ግን ሰው የሚጠብቀው ሥራ ሲኖር ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት አለው፤ ልምምዱንም አይተውም። አንድ ሥራ ምረጡ፦ አትክልት ማጠጣት፣ የቤቱን ወጪ መመዝገብ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መቀበል፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ የዕድር መዋጮ ማድረስ። ሥራው እውነተኛ ይሁን፤ እሳቸው ካልሠሩት የሚጎድል ነገር ይኑር። ከሰጣችሁ በኋላ ከኋላ እየዞራችሁ አታስተካክሉ። ሽንኩርቱ ትልልቅ ሆኖ ቢከተፍ ወጡ አይበላሽም።

10. በቂ ይብሉ

ልምምድ ያለ ፕሮቲን ጡንቻ አይሠራም። ለአረጋውያን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አካባቢ አለው። በጾም ወቅት ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በየማዕዱ ይኑሩ። እንጀራው ብዙ፣ ወጡ በጣት የሚነካ ብቻ ከሆነ አይበቃም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው መጠኑን ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

በሚጾሙ ቀናት ልምምዱ ከተበላ በኋላ ይሁን። በረመዳን ካፍጥር ከአንድ ሰዓት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመቻል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆድ በፍጹም አይጀምሩ፤ ኪሳቸው ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር።

ማስጠንቀቂያ

- የደረት መጨነቅ፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ከታየ ልምምዱን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። «እስኪ ትንሽ ይረፉ» ብላችሁ አትጠብቁ።
- ማዞር ከመጣ ወዲያው ይቀመጡ። ከተኙበት ሲነሱ ሁልጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ።
- ጡንቻ አንድ ሁለት ቀን ቢዝል ጤነኛ ነው። መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ሕመሙ ሹል ከሆነ ግን አይደለም። ለሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት፤ እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥሉ። ከዚያ ካለፈ አንድ ደረጃ አውርዱ።
- ምንጣፍ ጠርዙ እንዳይጠልፍ፣ መታጠቢያ ቤት ወለሉ እንዳይረጥብ፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት እንዲኖረው አድርጉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

*ትንፋሽ መያዝ።* ሲከብዳቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ የደም ግፊት ድንገት ይወጣል። ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አድርጉ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም።

*በመጀመሪያው ቀን ብዙ መሥራት።* በተለይ አባቶች። ከ30 ጊዜ በላይ ተነስተው በማግስቱ ከአልጋ መውረድ ያቅታቸዋል። ከዚያ በቃ ይላሉ።

*ሁለት ወር በዚያው 8 ላይ መቆየት።* ሰውነት ለምዶታል። ካልከበደ አያድግም።

*እርምጃ ብቻ።* ለልብ ጥሩ ነው። የጭን ጡንቻን ግን ከወንበር እንደመነሳት አያጠነክርም።

*እንደ አለቃ ማዘዝ።* ቆማችሁ ከምትቆጥሩ አጠገባቸው ወንበር ስባችሁ አብራችሁ ሥሩ።

ከታመሙ በኋላ እንዴት ይመለሱ?

ይህም ብዙ ይጠየቃል። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ፣ አብዛኛው ጡንቻ የሆነ አካል አጥተዋል። ስለዚህ ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም ሲያስተኛቸው ሐኪም ካልከለከለ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይነሱ። ሲያገግሙ ካቆሙበት አይቀጥሉ። ሁለት ደረጃ ወርደው፣ ዙሩን በግማሽ ቀንሰው ይጀምሩ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ያህል አይዘገይም።

በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ሦስቱን ልኬቶች ድገሙ። በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው ሰዓት። ቁጥሩ ካልጨመረ መጀመሪያ አክብዳችሁ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምግቡን፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ተመልከቱ። ከወረደ ሐኪም ይያቸው። በ12ኛው ሳምንት ደብተሩን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ክፈቱላቸው። የናፈቃቸው ነገር ከተሳካ ይሰርዙትና ከሥሩ የሚቀጥለውን ራሳቸው ይጻፉ።